«በግል ምክንያት» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት

ጥያቄው የደረሰኝ በሁለት ገጽ የደብተር ወረቀት ነው። ጠያቂዋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የግል ንግድ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ከምሳ በፊት ከመደርደሪያው ጀርባ ዞር ብላ፣ ሹራቧን ገለጥ አድርጋ ኢንሱሊኗን ሆዷ ላይ ትወጋለች፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ አስኪያጇ «ደንበኛ ያይሻል፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ተወጊ» ይላታል። አንዲት ባልደረባዋ «የምትወጋው ሌላ ነገር ነው» ብላ አስወራች፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ደግሞ ኤች አይ ቪ ሆኖ መጣ። ደብዳቤው የሚያበቃው እንዲህ ነው፦ «በሰላም ልውጣ ብዬ በግል ምክንያት ለቅቄአለሁ ብዬ ልጽፍ ነው። መብት አለኝ ወይ?»

አለሽ እህቴ። ያንን ወረቀት ከፈረምሽ ግን አብዛኛው አብሮት ይሄዳል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ በአንቀጽ 12 ያስገድደዋል። ምግብ የሚበላ ሰው ሽንት ቤት ገብተህ ብላ አይባልም፤ ንጽሕና የሚፈልግ መርፌም ከዚያ አይለይም። «ስኳር» የሚል ቃል አዋጁ ውስጥ አታገኚም። አንቀጽ 14 ግን በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪና በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ማበላለጥን ከልክሎ ሲያበቃ በሌላ ማናቸውም ምክንያት የሚደረገውንም ይጨምራል። አንቺ የምትገቢው በዚህች በር ነው። ከበስተኋላዋ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 አለ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዝም ብሎ መልቀቅ የሚፈልግ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወጣል፤ ካሳ የሚባል ነገር የለውም። አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ግን በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወጣ ይችላል፤ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የ30 ቀን ደመወዝ ያህል ካሳ ይገባዋል። ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ነው። ሁለተኛው ብዙውን ሰው ይጥለዋል፦ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወር ካለቀሰ በኋላ ነው የሚመጣው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አትልቀቂ እልሻለሁ። ሊያስወጣሽ የሚፈልገው እሱ ከሆነ ይጻፈው። መርፌ ትወጋለች ብሎ ማሰናበት በሕግ ምክንያት አይሆንም። አንቀጽ 28 ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማሰናበትን የሚፈቅደው ሠራተኛው በጤና ምክንያት ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት ሲያቅተው ነው፤ አንቺ ደግሞ ሒሳቡን ሳታጓድይ ትቆጥሪያለሽ። (እውነቱን ለመናገር፣ የዓባይን በረሃ አውቶቡስ የሚያወርድ ሾፌር ስኳሩ በድንገት የሚወርድበት ከሆነ አሠሪው የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ሐኪም ነው የሚናገረው።) ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከተሰናበትሽ ወደ ሥራ ልመለስ ብለሽ የምትከሺው በ3 ወር ውስጥ ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ 6 ወር አለው። የሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልበትም፤ ጠበቃ መያዝ ካልቻልሽ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው።

ስኳርሽ ተነሥቶ ሆስፒታል ብትተኚ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀቱን አትርሺ።

ይህ ሁሉ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይዳኛል። የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ ከሁሉ በላይ መሸሸጊያ የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ።

ወሬውን በተመለከተ። ስኳር የወፍራምና የሀብታም ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቀጭን የገጠር ልጅ መርፌ ይዛ ሲያይ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ዓይነት «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ገና በ2017 ነው፤ የጎንደር ሐኪሞች ግን ስለ ቀጫጭን የገጠር ሕሙማን ሲጽፉ ኖረዋል። አለማወቅ ግን ስም ለማጥፋት ፈቃድ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳለቂያ የሚያደርግ ንግግር ጥፋት ነው፤ ተላላፊ በሽታ አለበት ብሎ ማስወራትን ደግሞ ሕጉ ለይቶ ያነሣዋል። የኅሊና ጉዳት ካሳው ጣሪያ ግን 1 ሺህ ብር ነው። ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የስኳር መለኪያ ወረቀትም በቅጡ አይገዛም። ስለዚህ ስድብና ስም ማጥፋትን በወንጀል አቤት ማለት ይበልጣል፤ የግል አቤቱታ ስለሆነ ድርጊቱን ካወቅሽ በ3 ወር ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት አለብሽ።

ከሥራ ውጭ ያለው አጭር ነው። መናኸሪያ አግዳሚ ወንበር ላይም ሆነ ምግብ ቤት ውስጥ መድኃኒትን መውጋት የሚከለክል ሕግ የለም። ኢንሱሊን አደንዛዥ ዕፅ አይደለም፤ ፖሊስ ከጠየቀሽ ብልቃጡንና የቀጠሮ ካርድሽን አሳዪ። በበኩልሽ ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው የሃይላንድ ጠርሙስ አጠራቅሚ። አውቶቡስ ወንበር ሥር የተጣለች አንዲት መርፌ ከመቶ ሐሜት በላይ ትመሰክርብሻለች።

አንድ ጎደሎ አለ፤ ለመርፌ ይህን ያህል ደቂቃ ይሰጥ የሚል አንቀጽ የለም። ስለዚህ ሐኪምሽ በስንት ሰዓት መወጋትና መብላት እንዳለብሽ በአጭሩ ይጻፍልሽ። አንቺም ንጹሕ ቦታና ጥቂት ደቂቃ እንዲፈቀድልሽ የሚጠይቅ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ አንዱን ለሥራ አስኪያጅሽ ስጪው፣ በሌላው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ባለበት ስጪው፤ ስማቸውንና ቀኑን ማስታወሻሽ ላይ ያዢ። ቅጂውን መርፌሽን ከምትይዢበት ቦርሳ አውጪና ቤት አስቀምጪው።