«ዕዳችሁን እንጠቅልልላችሁ» የሚሉ ድርጅቶች ይታመናሉ ወይ?

የዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው ስለምንዞረው፣ በአፋችን ግን ስለማናነሣው ጉዳይ ነው። ስለ ዕዳ ነው። ከእኛ መካከል ብዙው ሰው ዕዳ ውስጥ የገባው በቅብጠት አይደለም። አገር ቤት እናት ታመመችና ለሕክምና ተላከ። ወንድም ሞተና በክሬዲት ካርድ የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠ። የሥራ ሰዓት ተቀነሰ፤ የቤት ኪራዩ ግን አልቀነሰም። እንዲህ እያለ አንዱ ካርድ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ።

ከዚያ ስልክ ይደወላል። «ዕዳችሁን በሙሉ ወደ አንድ እንጠቀልላለን፤ በየወሩ የምትከፍሉትን በግማሽ እንቀንሳለን፤ ዛሬውኑ ፈርሙ» ይላል። አንዳንዴም የሚደውለው በራሳችን ቋንቋ የሚያወራ፣ «ወንድሜ፣ እህቴ» የሚል ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ልባችን ደካማ ስለሆነ «በቃ ተገላገልኩ» እንላለን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እነዚህ ድርጅቶች ይታመናሉ ወይ? መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነው። እምነት የሚጣለው በደዋዩ ድምፅ፣ በድርጅቱ ስም ወይም በሚናገርበት ቋንቋ ላይ አይደለም። ከእናንተ ገንዘብ የሚወስደው መቼ ነው? የሚወስደውስ ስለ ምን ሥራ ነው? እነዚህን ሁለቱን ስታውቁ ሊረዳችሁ የመጣውንና በችግራችሁ ሊጠቀም የመጣውን ትለያላችሁ። የምንናገረው በዋናነት ስለ አሜሪካ ነው፤ በአውሮፓ ላላችሁም ወደ መጨረሻው ጥቂት ነጥብ አለ።

1. በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ሥራዎች

«ዴት ኮንሶሊዴሽን» ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። ልብ በሉ፣ ከዚህ ስም በስተጀርባ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

አንደኛው አዲስ ብድር ነው። ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን አንድ ትልቅ ብድር ይሰጣችኋል፣ በእርሱ ካርዶቹን ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትከፍሉት ለአንድ አበዳሪ ነው።

ሁለተኛው የክሬዲት ምክር ነው። አዲስ ብድር የለም። አማካሪው ገቢያችሁንና ወጪያችሁን አብሯችሁ ያያል፣ ከባንኮቹ ጋር ወለዱ እንዲቀንስ ይስማማል፣ እናንተ በወር አንድ ክፍያ ትሰጡታላችሁ፣ እርሱም ለየባንኩ ያከፋፍላል። ዋናውን ዕዳ በሙሉ ትከፍላላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል።

ሦስተኛው «ዴት ሴትልመንት» የሚባለው ነው። ድርጅቱ ባንኮቹ ከዕዳው ከፊሉን እንዲተዉላችሁ እደራደራለሁ ይላል።

ሦስቱም ማስታወቂያ ላይ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ከሦስቱ የትኛው ናችሁ?» የሚል ይሁን። ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

2. የወሩ ክፍያ ቀንሶ ጠቅላላው ሲጨምር

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በ24 በመቶ ወለድ 18,000 ዶላር የካርድ ዕዳ አለበት እንበል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 360 ዶላር ነው። ይህን ዕዳ በአምስት ዓመት ለመጨረስ በወር 518 ዶላር ገደማ መክፈል አለበት፤ በጠቅላላው ወደ 31,070 ዶላር ይከፍላል።

አሁን አንድ አበዳሪ መጥቶ «በ18 በመቶ፣ በሰባት ዓመት» አለው። የወሩ ክፍያ ወደ 378 ዶላር ወረደ። በወር 140 ዶላር ተረፈው! ደስ ይላል። ነገር ግን 378ን በ84 ወር አባዙት፤ 31,750 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ወለዱ ቀንሶ፣ የወሩ ክፍያ ቀንሶ፣ ሰውየው ግን የባሰ ከፈለ፤ ሁለት ዓመትም ተጨማሪ ባለ ዕዳ ሆነ።

ሌላ አበዳሪ ደግሞ በ14 በመቶ፣ በአምስት ዓመት ቢሰጠው የወሩ ክፍያ 419 ዶላር ገደማ፣ ጠቅላላው ወደ 25,130 ዶላር ይሆናል። ይህ እውነተኛ እርዳታ ነው፤ ወደ 6,000 ዶላር ይቀርለታል። እንግዲህ ብድሩን መልካም ወይም ክፉ የሚያደርገው ስሙ ሳይሆን የወለዱ መጠንና የጊዜው ርዝመት ነው።

ሦስት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ፣ ብዙ አበዳሪዎች የማስጀመሪያ ክፍያ ከብድሩ ላይ አስቀድመው ይቆርጣሉ፤ ከ18,000 ላይ 5 በመቶ ቢቆርጡ እጃችሁ የሚገባው 17,100 ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የካርድ ዕዳን በቤታችሁ ዋስትና በሚሰጥ ብድር አትለውጡ፤ ቢያንስ በጥድፊያ አታድርጉት። የካርድ ዕዳ ባትከፍሉ ባንኩ ይከሳችሁ ይሆናል፤ በቤት ዋስትና የተወሰደውን ባትከፍሉ ግን ቤቱ ራሱ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ካርዶቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ እንደገና ከተሞሉ አንድ ዕዳ የነበረው ሰው ባለ ሁለት ዕዳ ይሆናል።

3. «ለባንኩ መክፈል አቁሙ» የሚሉት

ከሦስቱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ብዙ የሴትልመንት ድርጅቶች «ለባንኮቹ መክፈል አቁሙ፤ ገንዘቡን በየወሩ በተለየ አካውንት አስቀምጡ፤ ሲጠራቀም እንደራደርበታለን» ይላሉ። በዚህ መካከል ምን ይሆናል? ወለዱና የመዘግየት ቅጣቱ ይቀጥላል። ክሬዲት ስኮር ይወድቃል። ባንኩ ለመደራደር አይገደድም፤ ከፈለገ ይከሳል። መጥሪያው ቤት ሲመጣ ብዙ ሰው «ድርጅቱ ይዞልኛል» ብሎ ይተወዋል። መልስ ያልተሰጠበት ክስ በሌላችሁበት ይፈረዳል፤ ከዚያ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ ሊከተል ይችላል። በዕዳው ላይ አብሯችሁ የፈረመ ወንድም ወይም እህት ካለ ደግሞ ባንኩ ወደ እርሱ ይዞራል። ለእናንተ ብሎ በፈረመ ሰው ላይ ይህን ማምጣት ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳ ነገር ነው።

ክፍያውንም እንይ። እነዚህ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከተመዘገበው ዕዳ ከ15 እስከ 25 በመቶ ያስከፍላሉ። በ18,000 ዶላር ላይ 25 በመቶ 4,500 ዶላር ነው። ባንኮቹ ግማሹን ቢተዉ 9,000 ትከፍላላችሁ፤ ከድርጅቱ ጋር 13,500 ሆነ። ገና አላለቀም። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ ሲሰረዝላችሁ አበዳሪው በፎርም 1099-ሲ ለአይአርኤስ ያሳውቃል፤ የተሰረዘው ገንዘብ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊጠየቅበት ይችላል። በዚያን ጊዜ ዕዳችሁ ከንብረታችሁ ይበልጥ ከነበረ በፎርም 982 ነፃ የምትሆኑበት መንገድ አለ፤ ይህን ግን የታክስ ባለሙያ ጠይቁ።

ታዲያ ይህ መንገድ ጭራሽ የተዘጋ ነው ወይ? አይደለም። መክፈል ፈጽሞ ለማይችል ሰው አንዳንዴ ይሠራል። ሕጉን ግን እወቁ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ደንብ መሠረት አገልግሎቱን በስልክ የሚሸጥ የዕዳ ማቃለያ ድርጅት ቢያንስ አንዱን ዕዳችሁን ሳያቃልል፣ እናንተም በዚያ ስምምነት ቢያንስ አንድ ክፍያ ሳትከፍሉ፣ አንድም ሳንቲም ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ገንዘቡ የሚቀመጥበት አካውንትም የእናንተ ነው፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ያለ ቅጣት ማውጣት ትችላላችሁ። ደንቡ ፊት ለፊት ተገናኝተው የሚዋዋሉትን ስለማይነካ፣ ከሕጉ ለማምለጥ ሲሉ ወረቀት የሚያስፈርም ሰው ወደ ደንበኛው ይልካሉ ተብለው የተከሰሱ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ «ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን» መባሉ ክብር ብቻ አይምሰላችሁ።

4. «ኖን ፕሮፊት» የሚለው ስም ብቻውን ዋስ አይሆንም

ብዙዎቻችን «ኖን ፕሮፊት ነው» ሲባል ልባችን ያርፋል። አንድ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ እንይ። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪዴት የሚባል ድርጅት ነበር። ራሱን ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት ምክር ሰጪ ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰሰው። ክሱ እንዲህ የሚል ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያ የለም እያለ የደንበኞቹን የመጀመሪያ ክፍያ ለራሱ ያስቀር ነበር፤ ለትርፍ አልሠራም እያለም ገንዘቡ ለትርፍ ወደ ቆመ ኩባንያ ይሄድ ነበር። አስቡት፤ ሰውየው ያቺን ክፍያ ለባንኩ የከፈለ መስሎት ነበር፣ በባንኩ መዝገብ ላይ ግን አልከፈለም። በኋላም አይአርኤስ ብዙ የክሬዲት ምክር ድርጅቶችን መርምሮ ከታክስ ነፃ የመሆን መብታቸውን ነጥቋል።

ይህን የምናገረው ሁሉን እንድትጠረጥሩ አይደለም። እውነተኛ አማካሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ኤንኤፍሲሲ የሚባለው ብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን አባል ድርጅቶቹን በየስቴቱ ያሳያችኋል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም በኪሳራ ሕጉ መሠረት ያጸደቃቸውን አማካሪዎች ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል። ከእነዚህ ጀምሩ። ወለዱ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ ያው 18,000 ዶላር በአምስት ዓመት በወር 365 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በወር 30 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመርበት እንኳ ጠቅላላው ከ24,000 አይደርስም። በእርግጥ ካርዶቹ ይዘጋሉ፤ የቤትና የመኪና ብድርም በዚህ ውስጥ አይገባም።

5. ሳትፈርሙ የምትጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ዛሬውኑ ፈርሙ የሚላችሁን ሰው ነገ ደውል በሉት። እስከዚያ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ።

አንድ፤ የምትሠሩት አዲስ ብድር፣ ምክር ወይስ ሴትልመንት ነው?

ሁለት፤ የመጀመሪያውን ዶላር የምትወስዱት መቼ ነው?

ሦስት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ? የወሩን ብቻ ከነገራችሁ መልስ አልሰጣችሁም።

አራት፤ ለባንኮቼ መክፈል እንዳቆም ትመክሩኛላችሁ? ብከሰስስ ማን ይቆምልኛል?

አምስት፤ ባንኮቼ ሐሳቡን መቀበላቸውን የሚያሳይ ወረቀት ትሰጡኛላችሁ? ወረቀቱ ከመጣ በኋላም እናንተው ለባንኩ ደውላችሁ አረጋግጡ። በየወሩም የባንኩን መግለጫ ተመልከቱ።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ውሉን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ኮሚሽን የሚያገኝበት ሰው ግን አይሁን። ድርጅቱ ካታለላችሁ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለስቴታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አመልክቱ።

በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ነፃውን እወቁ። በብሪታንያ ስቴፕቼንጅ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ክፍያ ይመክራል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2021 ጀምሮ አበዳሪዎች ለ60 ቀን ፋታ እንዲሰጡ የሚያደርግ ሥርዓት አለ። በጀርመን ካሪታስና ዲያኮኒ የዕዳ ምክር ይሰጣሉ። በስዊድን ኮሙኑ ራሱ ነፃ የዕዳ አማካሪ አለው።

6. በቤታችሁ ምን አለ?

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለችውን መበለት ታስታውሳላችሁ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ሊወስድ መጥቶባት ነበር። ኤልሳዕ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነበር። የነበራት ጥቂት ዘይት ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን ከዚያ ጀመረ፤ መጨረሻውም ዘይቱን ሸጦ ዕዳውን መክፈል ሆነ። ሁለት ነገር አደረገች፤ ችግሯን ለሚሰማት ሰው ተናገረች፣ በእጇ ያለውንም ቆጠረች።

እኛም ከዚያ እንጀምር። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። ያልተከፈቱትን ፖስታዎች ክፈቱ። ለማን፣ ስንት፣ በስንት ወለድ የሚለውን በአንድ ወረቀት ጻፉ። እቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣው ሲወጣ በቅድሚያ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ካርድ እንዲሄድ ወስኑ። ከዚያ ራሳችሁ ለባንኩ ደውሉና ለተቸገሩ ደንበኞች ያለውን ፕሮግራም ጠይቁ፤ ብዙ ባንኮች ወለድ የሚቀንሱበት አሠራር አላቸው፤ ለመጠየቅም ገንዘብ አይከፈልም። አንድ ድርጅት በሺህ ዶላር አደርግላችኋለሁ ከሚለው ከፊሉን እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ወገኖቼ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሲደበቅ ነው። የሚያታልሉ ሰዎች የሚፈልጉት ያን ማፈራችንን ነው፤ ያፈረ ሰው አይጠይቅም፣ አያማክርም፣ ቶሎ ይፈርማል። አትፈሩ፣ አትቸኩሉ፣ ጠይቁ። ከመካከላችን ቁጥር የሚያውቅ፣ ውል የሚያነብ ካለም ለተቸገረው ወንድሙና እህቱ አንድ ምሽት ይስጥ።