ምርመራው ከመሬት ይጀምር

አንድ ሠራተኛ ከፎቅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። ለሐዘንተኛ ደግ ቃል ነው። ለካቦው ግን ከደግም በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመወጣጫውን እንጨት የሚመረምር የለማ!

በአቃቂ ቃሊቲ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቂሊንጦ ብዙው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ የአጠና መወጣጫ ሌሊቱን ከዘነበ ጠዋት አንድ እግሩ ሰምጦ ሊገኝ ይችላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚለስነው ሰው ይህን አያይም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት መወጣጫውን ዙሩት፤ ከእግሩ ሥር ሰፊ ጣውላ ካልተነጠፈ አትውጡ። ቀጥሎ ምስማሩን እዩ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ ትናንት የያዘው ዛሬ ላይይዝ ይችላል። ሶሌታ ላይ ደግሞ የሊፍት ጉድጓድ ክዳን በምስማር ካልተመታ ከክፍቱ ይብሳል።

ከፍታው ትንሽ ነው አትበሉ። ከ3 ሜትር የወደቀ ሰው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ለሠራተኛ የቆመ እንጨት ሌላ ሸክም ሲመጣበት ምን እንደሚሆን መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ታይቷል። ግንባታው ባላለቀ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለበዓል የተሰበሰቡ ምእመናን የወጡበት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከተጎዳ ግን መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ የተሰጣችሁን ቀበቶ ሞቆኛል ብላችሁ አትፍቱ። የቀን ሠራተኞችም፣ የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብታችሁን አይሰርዝም። መሥራታችሁን ማስረዳት ግን ይኖርባችኋል፤ የምትፈርሙበትን የክፍያ ወረቀት በስልካችሁ አንሱት።

ጓደኛችሁ ከወደቀ እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ላይ አትጫኑት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ሽባ ልታደርጉት ትችላላችሁ። አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ለአምቡላንስ ወደ 939 ወይም 907 ደውሉ። አንዳችሁ ደግሞ እንጨቱ ሳይፈርስ ፎቶ አንሱት።