ጥድ ሲደርቅ፦ ምልክቱን መለየት፣ ቁጥሩን መጻፍ



ማንበብና መጻፍ የቻለ ገበሬ ደኑንም መዝግቦ መያዝ ይችላል። ከመቀሌ በስተምሥራቅ፣ ወደ አፋር በሚወርደው ገደላማ ቦታ ላይ የደስአ ደን አለ። ዋና ዋና ዛፎቹ በትግርኛ ጽሕዲ የሚባለው ጥድና አውሊዕ የሚባለው ወይራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በዚህ ደን ብዙ ጥድና ወይራ በቁሙ ደርቆ መገኘቱን፣ ጉዳቱም በቆላው በኩል እንደሚብስ አሳይቷል። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ሞቱን ዘግይተን ካወቅን የምንተካው ለልጅ ልጆቻችን ነው።

፩. ምልክቶቹ

ዛፍ ሁሉ በአንድ ምክንያት አይሞትም። ስለዚህ ቀረብ ብላችሁ እዩ።

ሀ) የጥድ ክሽክሽ፦ ቡናማ፣ ትንሽ ነፍሳት ነው። ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ ፈሳሹን ይመጣል። ቅጠሉ ይቀላል፤ ቅርንጫፉ በሚያጣብቅ ነገርና በጥቁር ሻጋታ ይሸፈናል። ይህ ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታይቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። የፈረንጅ ጥድንም የሐበሻ ጥድንም ያጠቃል።

ለ) የሥር መበስበስ፦ ዛፎች እዚህም እዚያም ሳይሆን በአንድ ቦታ ተከታትለው ይደርቃሉ። ከግንዱ ግርጌ ልጡ ሥር እንደ ስስ ጨርቅ ያለ ነጭ ነገር ይታያል። 

ሐ) የግንድ መበስበስ፦ ዛፉ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ግን ይበሰብሳል። ምልክቱ ግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ነው።

መ) ድርቅ፦ በአንድ ተዳፋት ላይ ያሉ ዛፎች ከጫፋቸው ጀምረው ይደርቃሉ። በድርቅ የደከመን ዛፍ ነፍሳትና በሽታ በቀላሉ ይጥሉታል።

፪. አቆጣጠሩ

በአንድ መንገድ ዳር 50 ጥዶች ምረጡ። በቀለም ቁጥር ጻፉባቸው፤ ልጡን አታቁስሉ። በየዓመቱ በዚያው ወር ተመለሱ። ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉ፦ ጤነኛ፣ ጫፉ የደረቀ፣ የሞተ፣ የተቆረጠ።

የተቆረጠውን ለብቻ መጻፍ አትርሱ። ደረቁ ዛፍ ለማገዶ ከተወሰደና ጉቶው ካልተቆጠረ፣ ደኑ እየሞተ ሳለ የዳነ ይመስላል።

አሁን እናስላ። ከ50 ዛፍ አምና 4 ሞተው ነበር እንበል። ዘንድሮ የሞቱት 9 ሆኑ። አዲስ የሞቱት 9 – 4 = 5 ናቸው። አምና በሕይወት የነበሩት 46 ስለሆኑ 5ን ለ46 አካፍሉ፤ ከመቶ ወደ 11 ገደማ ይሆናል። ለ50 ብታካፍሉ ግን ቀድሞ የሞተውን ዳግመኛ እንደሚሞት መቁጠር ነው።

፫. ከዚያስ?

ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ከጨመረ ደብተሩንና የታመመውን ዛፍ ቁጥር ይዛችሁ ለግብርና ባለሙያ አሳዩ። ከታመመ ቦታ ችግኝም ሆነ እርጥብ ቅርንጫፍ ወደ ጤነኛ ደን አትውሰዱ። ዓዲ ሓቂ ያላችሁም በግቢያችሁ ወይም በአጥር ዳር ባለ ጥድ ላይ ምልክቶቹን መለየት ተለማመዱ።

ጥያቄዎች

1. የሥር መበስበስ ከድርቅ በምን ይለያል?
2. ጉቶ የሚቆጠረው ለምንድን ነው?
3. ከ80 ጥዶች አምና 5፣ ዘንድሮ በጠቅላላው 8 ሞቱ። ዘንድሮ ከመቶ ስንት ሞተ? (መልስ፦ 4)