«ሪሊፍ» ማለት ስንዴ ነው?

በዛሬው የእንግሊዝኛ ዓምዳችን ከሸክም ወይም ከእገዳ ነፃ መሆንን የሚገልጹ አምስት ቃላትን እንማራለን። በመጀመሪያ ግን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

በፈተና ላይ «ሪሊፍ» ምን ማለት ነው ተብለን ስንጠየቅ «ስንዴ» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ሆነብኝ፤ ልጆቹም ሳቁብኝ። እኔ ግን ከአያቴ የሰማሁት እንደዚያ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ኮረም ሄዳ ያገኘችውን ስንዴ እስከ ዛሬ «ሪሊፍ» ነው የምትለው። ያኔ እርዳታውን ያስተባብር የነበረው የመንግሥት ኮሚሽን በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ይሄ ቃል ነበረበት። ሰው ቃሉን ከስንዴው ጋር አብሮ ተቀበለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እንዳይጠፋባችሁ በገበያ ቀን ወደ ጎብዬ ማሽላ ጭና የምትመጣ አህያ አስቡ።

1. ሪሊፍ፦ እፎይታ። ጭነቱ ሲቀነስላት ቀለል ይላታል። መድኃኒት ወስደን ሕመሙ ሲቀልልንም ሪሊፍ ነው።

2. ሪሊዝ፦ መልቀቅ። የታሰረችበት ገመድ ሲፈታ ነው። እስረኛ ሲፈታም እንዲሁ።

3. ፍሪ፦ ነፃ። ጭነትም ገመድም ሳይኖርባት እንደልቧ ስትግጥ ነው። «ያለ ክፍያ» ማለትም ይሆናል። ግን ተጠንቀቁ! «ሹገር ፍሪ» የሚል ብታዩ ስኳር በነፃ ይታደላል ማለት አይደለም፤ ስኳር የለበትም ማለት ነው።

4. ኤግዘምፕት፦ ሌላው ካለበት ግዴታ ነፃ የተደረገ። ውርንጭላዋ ከእናቷ ጋር ገበያ ትመጣለች፤ ግን ማንም አይጭናትም። የታመመ ተማሪም ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ኤግዘምፕት ይደረጋል።

5. ሊበሬት፦ ነፃ ማውጣት። ይሄ እንኳን ለአህያ አይሆንም፤ በብዛት ለሕዝብና ለአገር ነው የምንለው። ሚያዝያ 27 ቀን የምናከብረው አርበኞቻችን በ1933 ዓ.ም. አገራችንን ከጣሊያን ወረራ ሊበሬት ማድረጋቸውን ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ለአያቴ «ሪሊፍ ስንዴ አይደለም፣ እፎይታ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ታዲያ ምኑን ተሳሳትክ ልጄ? ያን ስንዴ ስንቀበል እኮ ነው እፎይ ያልነው» አለችኝ።

መምህራችን ኤክሱን አያነሱልኝም፤ ልክ ናቸው። ቃሉን ግን ከእንግዲህ አልረሳውም።

ጥያቄ፦ ፈተና ስንጨርስ የሚሰማን ከአምስቱ የትኛው ነው? መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ስጡ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!