ኮሶና ተልባ፦ ሥራቸው ለየቅል ነው

ሆድ ሲያስቸግር «ኮሶ ጠጣ»፣ «ተልባ ጠጣ» መባሉ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገጠር የተለመደ ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ለይተን እንወቃቸው።

ኮሶ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ማስወጫ እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም። በግምት ስለሚጠጣ ልኩ ሲያልፍ ያስመልሳል፣ ያዳክማል፣ ዓይንም ይጎዳል። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለትሉ እኮ ከጤና ጣቢያ በልክ የሚታዘዝ ክኒን አለ።

ተልባ ምግብ ነው። ሆድ የማይፈጨው አሰሩ ውሃ ይዞ ያብጥና ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ ውሃ ካነሰው ግን ድርቀቱን ያብሳል። ባቄላ፣ ገብስና ጎመንም አሰር አላቸው።

ተማሪያችንን ተቅማጥ ቢይዘውስ? ያን ጊዜ ኮሶም ተልባም አይሆኑትም፤ ሕይወት አድን ቅመም በንጹሕ ውሃ በጥብጠን እያጠጣን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።