ታንጎ፦ ከመራመድ በፊት ማዳመጥ

ታንጎ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ ድሃ ሰፈሮች፣ ከአውሮፓ በፈለሱ ሠራተኞችና የአፍሪካ ዘር ባላቸው ነዋሪዎች መካከል የተወለደ ጭፈራ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች የእግርን አጥንቶች በስም ስለምንጠራ መራመድ የምንችል መስሎን ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ግን የሰው እግር ረገጥን። ስህተታችን ምን ነበር? ሳናዳምጥ መቸኮላችን።

ስለዚህ አንደኛ፣ ክብደትን በአንድ እግር ላይ አሳርፎ ሌላውን ነፃ ማድረግ፤ ሁለተኛ፣ የጓደኛን አካሄድ በደረት ማዳመጥ፤ ሦስተኛ፣ ሰዓት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ እየዞሩ ከፊት ያሉትን አለመቅደም።

ግብዣው በዓይን ነው፤ እምቢታውም በዓይን፤ ስለዚህ ማንም አያፍርም። ከአንድ ሰው ጋር የሚጨፈረው ሦስት ወይም አራት ዘፈን ነው። ከአገር ርቀን ስንት ምሽት ማንንም ሳናናግር ላሳለፍን ለእኛ፣ እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ቀላል አልነበሩም።