ተከላው ሳይደርስ ለባለ ከብቶች የተጻፈ ማሳሰቢያ

ሐምሌ ሲገባ ሁላችንም ችግኝ ልንተክል ዶማ ይዘን ተራራ እንወጣለን። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ የተከልነው ግማሹ ይረገጣል፣ ግማሹ ይጋጣል። ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆን ይህን እንያዝ።

እበቱን ወደ ማሳ መልሱ። ማገዶ የቸገራት እናት ኩበት ጠፍጥፋ ብታነድ አልፈርድባትም፤ ምድጃ ውስጥ የሚነደው ግን የጤፉ ምግብ ነው። ዳገቱ ሲራቆት እበቱ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ማሳው ይራባል፣ ገለባው ያንሳል፣ ላሚቱም ትከሳለች። ስለዚህ በየጓሯችን ለማገዶ ብቻ የሚቆረጥ ዛፍ ይኑረን።

ባሕር ዛፍ ምንጭ ዳርና እርሻ ድንበር ላይ አትትከሉ። ከብት ስለማይበላው ያለ ጠባቂ ያድጋል፣ ምሰሶም ብርም ይሆናል፤ ቦታው ሌላ ይሁን እንጂ።

በተከለለው መሬት ከብት አታስገቡ፣ «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁም ቢሆን። ሳሩን አጭዳችሁ ተሸከሙ። ሲያብብ የታጨደ ድርቆሽ፣ ቆሞ ከደረቀ ሳር እጅግ ይሻላል። የመንዝ አባቶች ጓሳ የተባለውን የሳር ምድራቸውን ለዘመናት ያቆዩት ለዓመታት ዘግተው፣ ችግር ሲጠና ደግሞ በሥርዓት ከፍተው ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን የቆየ ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጓሳውን ዛሬም ይጠብቃል። እኛም ደንብ ስናወጣ ባል የሞተባት እናትና መሬት የሌለው ወጣት የሳር ድርሻቸው ይጻፍላቸው። ድርሻ የሌለው ሰው ሌሊት ከብቱን ቢያስገባ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

የዋንዛ ቅጠል ለበጋ መኖ ስትቆርጡ ከቅርንጫፉ ብቻ ውሰዱ፤ ግንዱን አትላጡ። ወይራውንም ተዉት፤ የወተት ዕቃችን የሚታጠነው በእሱ ነው።

ችግኝ ስትተክሉ ፕላስቲኩን ቅደዱለት፣ አለዚያ ሥሩ ይታነቃል። የቀደዳችሁትን ደግሞ ኪሳችሁ ክተቱ። አንዲት የከሳች ላም ስትታረድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከሆዷ የወጣው ፌስታል ተጠቅልሎ ኳስ ያህል ነበር። ባለቤቱ በሽታ መስሎት መድኃኒት ሲገዛላት ከርሟል።

ጉድጓዱን ከወዲሁ፣ ግንቦት ላይ ቆፍሩት። መጀመሪያ የወጣውን ጥቁሩን አፈር ለብቻው አኑሩት፤ ሐምሌ ላይ ሥሩ ዘንድ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።